ኖራ የሚበላ ድንጋይ

ሌላው ሰው አባቱ መሬት ያወርሰዋል፣ ቤት ያወርሰዋል። የኔ አባት ከምጽዋ ሲመለስ ይዞልኝ የመጣው ድንጋይ ነው። ያውም የሚበላ ድንጋይ! ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ ሲሠራ ኖሮ ሳንባው ሲታመም፣ ሐኪሞቹ «ደጋ ውጣ» አሉትና ጎፋ ወዳለችው ቤታችን መጣ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እህትም ወንድምም የለኝም። እኔ በሰፈሩ አነጋገር ቆሞ ቀር ነበርኩ። ሰው ፊቴ ላይ አይለኝም እንጂ ጀርባዬን ስሰጥ እሰማ ነበር።

አባቴ ብረትና መስታወት ገዝቶ ገንዳ አሠራ፣ ሳሎናችን መሐል ገተረው፣ «ባሕሩ» ብሎ ሰየመው። ውሃውን ከነጨዉ ከምጽዋ በበርሜል የሚያመጣለት የወደብ ወዳጁ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ውስጡ የሚኖረው ድንጋይ ኮራል ይባላል። ከሩቅ ሲያዩት አበባ ጎመን ነው፤ ቀረብ ሲሉ ግን በላዩ ላይ የሚወዛወዙ ጥቃቅን ጣቶች አሉት። ጎረቤቶቻችን «ድንጋይ ቀላቢው ሰውዬ» ይሉት ጀመር። አንዲት ሴትዮ ከመካኒሳ አቦ ስትመለስ ጎራ ብላ አየችውና «ለመሆኑ ይጾማል?» ብላ ጠየቀች። አባቴ «ከኔ ይሻላል» አላት።

ቀላቢዋ ግን እኔ ነበርኩ። ይህ ጌታ አካሉን የሚሠራው ከውሃው ውስጥ ኖራ እየሳበ ነው። ባሕር ውስጥ ቢሆን ማለቂያ የለውም፤ ሳሎን ውስጥ ግን እንደ ጎተራ እህል እየጎደለ ይሄዳል። ስለዚህ ለግድግዳ የምንቀባውን ኖራ በእንስራ በጥብጬ አሳድራለሁ። ሲነጋ ነጩ ከታች ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። እሷን ብቻ ቀድቼ፣ ተንኖ በጎደለው ምትክ በቀጭን የሐኪም ቤት ጎማ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። ማታ ደግሞ ውሃው ጉልበቱ እንዳይደክም ትንሽ የዳቦ ሶዳ እሰጠዋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ከሰጠሁ እዚያው ይጣሉና ነጭ ዱቄት ሆነው ይወርዳሉ፤ ድንጋዩም ጦሙን ያድራል። ልኩን የሚነግረኝ ራሱ ነው። ጣቶቹን ከዘረጋ ተስማምቶታል፤ ከሰበሰበ አኩርፏል። ያኮረፈ ድንጋይ ማባበል ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ!

አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ «ሰጠሻት?» ይላል። በሱ ቤት ድንጋይዋ ሴት ናት። እንዲያውም የቤቱ እመቤት እሷ ናት፤ እኔ ሠራተኛዋ ነኝ።

በዚህ መሐል ሾፌሩ በርሜል ሲያወርድ እኔ ባልዲ ስቀበል፣ ባልዲ ስመልስለት እሱ ሲያጫውተኝ፣ ነገር መጣ። ወሬኛ ነው፣ ጥርሰ ፍንጭት ነው፣ ሲስቅ መኪናው የተነሳ ይመስላል። ወደድኩት፣ ምን ይደረግ። ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ እንደ ወጉ «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» ብለው ሳሎን ውስጥ ቆሙ።

አባቴ ሰማቸው፣ ሳለ፣ ወደ ገንዳው ዞሮ ተመለከተ። «ልጅቷ ከሄደች ኖራውን ማን ይሰጣል?» አለ።

ጓዳ ሆኜ ቆሽቴ አረረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሚስት ሲጠይቁ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ብዙ ተለመነና በመጨረሻ «እንግዲያው ልጁ ይልመድ። ከፍልሰታ በኋላ ኑ። እስከዚያ ድንጋይዋ በሱ እጅ ደህና ከከረመች እንነጋገራለን» አላቸው። እኔ እንዳልነካ ተከለከልኩ።

ዘመዶቼ «እንዴት እንዲህ ይላል!» ብለው ጮኹ፤ ሾፌሩ ግን ሳቀ። ክረምቱ መንገዱን ስለቆረጠው ሥራ አልነበረውም፤ በየጠዋቱ እየመጣ ከእንስራው ላይ ጥርት ያለውን ይቀዳል። «ስንት ኩንታል ተሸክሜ ተራራ የምወጣ ሰው ለጠብታ አላንስም» ይላል። አላነሰምም። ድንጋዩ ጣቶቹን ዘርግቶ ከረመ፤ እኔም ድምፄን አጥፍቼ የሙሽራ ልብስ ማሰብ ጀመርኩ።

የቀጠሮው ቀን ግን አዲስ ዓመት ደርሶ ሰፈሩ ሁሉ ግድግዳውን ኖራ የሚቀባበት ሰሞን ላይ ዋለ። እሱም ሳምንቱን ሙሉ የራሱን ክፍል ሲቀባ ነው የከረመው። ግድግዳ የሚቀባ ሰው ደግሞ ኖራን ሳያማስል አይነካም፤ እጁ የሚያውቀው ይህንን ነው። ሽማግሌዎቹ ሊደርሱ ሲሉ በጥድፊያ ገባ፣ ማማሰያ እንጨት አነሳ፣ እንስራውን ጥሩ አድርጎ አማሰለና አንድ ጣሳ ሙሉ ገንዳው ውስጥ ገለበጠ። እኔ ጓዳ ወጥ እያማሰልኩ «ኧረ ነይ! ኧረ ጉድ ሆንኩ!» ሲል ሰምቼ ወጣሁ።

ባሕሩ ወተት ሆኗል። ድንጋዩ አይታይም። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው። አባቴ ወንበሩ ላይ ቆቡን እጁ ውስጥ ጨምድዶ ተቀምጧል።

ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ጆሮዬ ላይ «ተይው በቃ፣ ይሙት። ከሞተ ምን ይይዝሻል?» አለኝ።

እውነቱን ነው እኮ! ዝም ብዬ ብቆም፣ እጄን አጣጥፌ ባይ፣ እስከ ምሽት ድረስ አለቀ። ኖራም የለ፣ ሶዳም የለ፣ «ሰጠሻት?» የሚልም የለ። አሰብኩበት፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ከዚያ አባቴን አየሁት። ዓይኑን ከገንዳው አልነቀለም። አንጀቴን በላኝ። ተናደድኩም፤ በሱም በራሴም ተናደድኩ።

ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን በቱቦ የኖራ ውሃ ውስጥ ሲተነፍስ አይቻለሁ፤ የሰው ትንፋሽ የኖራን ኃይል ይሰብራል። የሐኪም ቤቱን ጎማ በቢላ ቆራረጥኩና ለሽማግሌዎቹ አደልኩ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ተንበርክካችሁ ንፉ!»

ከሦስቱ አንጋፋው፣ አቦ ቤተ ክርስቲያን ስንት የተጣላ ያስታረቁ የተከበሩ ሰው፣ «ልጄ፣ ምኑን ነው የምንነፋው?» አሉ።

«ባሕሩን!»

ነፉ። ሦስት ሽማግሌ ተንበርክኮ፣ ጋቢው ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ጉንጩ እንደ ቀንደ መለከት ነፊ ተወጥሮ፣ ባሕሩ ተንተከተከ። ሾፌሩም ነፋ፣ እኔም ነፋሁ። በመሐል አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ አንዱን ጎማ ያዘና አንዴ ነፋ። ሳሉ ያዘው፤ ሊደፋ ደረሰ። ከእጁ ነጠቅኩት።

«ሰምቻለሁ» አለኝ እየተንደፋደፈ። «ይሙት ሲልሽ ሰምቻለሁ። ለምን አልተውሻትም?»

«እሱ ከሞተ አንተም ትሞታለሃ!» ብዬ ጮህኩበት። ሽማግሌ ፊት አባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም መንፋታቸውን አቆሙ።

አባቴ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ቁጭ በሉ» አላቸው። እነሱ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው አንጋፋው ጎማውን ከአፋቸው ሳያወጡ እልል ለማለት ሞከሩ። አባቴ ለሾፌሩ «ልጄን ውሰድ። ድንጋይዋን ግን አትንካ» አለው።

ግማሹ ድንጋይ ነጥቶ ሞተ። ግማሹ ከጥቂት ቀን በኋላ ጣቶቹን አወጣ።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ከእንስራው አጠገብ አባቴን እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«አሳዪኝ፤ ስንት ነው የምትሰጫት?» አለኝ።

«ምን ያደርግልሃል? እኔ እየመጣሁ እሰጥልሃለሁ» አልኩት።

«አይ» አለ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ። «ስትሄጂ ቤቱ ባዶ ነው። ጠዋት የምነሳበት ነገር ይኑረኝ።»

ከጎኑ ተቀመጥኩ። እጁን ይዤ በጣሳው ከላይ ጥርት ካለው እንዴት በቀስታ እንደሚቀዳ አሳየሁት።