አባቴን የገደለው ርዕስ

አባቴ ሞተ የተባለው እሁድ ማለዳ ነው። ገና ሳይነጋጋ በር ሲንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። በመስኮት ሳይ ጎረቤቶቼ ነጠላ አዘቅዝቀው ለብሰው ተሰብስበዋል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታችን የምንኖረው አባዬና እኔ ብቻ ነን። እሱ ደግሞ የልጅነት ጓደኛው ልጁን ሲድር ለሰርጉ ወሊሶ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ማን ሞተ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ነገሩ ጤነኛ እንዳልሆነ ከዋዜማው ጀምሮ መጠርጠር ነበረብኝ። ጦር ኃይሎች ካለው ከምሠራበት ፋርማሲ ልወጣ ስል አንዷ ጎረቤታችን ደውላ «እራት በልተሻል?» አለችኝ። ይቺ ሴትዮ እራት በላሁ አልበላሁ ግድ ሰጥቷት አያውቅም። ሌላዋ ደግሞ «ነገ የትም እንዳትሄጂ» ብላ ምክንያቱን ሳትናገር ዘጋች። ምን ነካቸው ብዬ ስቄ ነበር።

የእድራችን ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጄ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ሆኖ…» ሲሉ ጩኸቴን ለቀቅሁት። ሴቶቹ ፊቴን እንዳልቧጭር እጆቼን ያዙኝ። የት ነው የሞተው፣ ምን አገኘው፣ ማን ነገራችሁ ብዬ ለፈለፍኩ። «ተረጋጊ፣ ሁሉም ይደርሳል» ከማለት ሌላ መልስ የሰጠኝ የለም። የአባዬ ስልክ ዝግ ነው። የሰርጉን ቤት ቁጥር እኔ አልያዝኩትም። እኔ ዝርዝሩን እነሱ ያውቃሉ ብዬ ተውኩት፤ እነሱ ደግሞ አስከሬኑን የሚያመጡት የወሊሶ ሰዎች ናቸው ብለው ተዉት። ለሐዘንተኛ ጥያቄ ማብዛት ነውር ስለሆነ አንድም ሰው ወደኋላ ሄዶ አላጣራም። ፀሐይ ሞቅ ሳይል ድንኳኑ ተተክሎ አግዳሚው ተደርድሮ አለቀ።

ከለቅሶው መሐል ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የአጎቴ ነገር ነው። አጎቴ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቤቴል ይኖራል፤ ጴንጤ ነው። አያቴ የተቀበረች ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አልገባም ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አባዬ ከቀብር ሲወጣ በለቀስተኛው ፊት ጣቱን ቀስሮ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» አለው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። አባዬ ይህን ቃል ሳያነሳ ሞተ ብዬ አነባሁ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ከመንገዱ በኩል የወንድ ጩኸት ሰማን። «ልጄን! ልጄን!» ይላል። ድንኳኑ በሙሉ ከተቀመጠበት ተነሣ።

አባዬ ነው። ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲመጣ በገዛ በሩ ላይ ድንኳን ተተክሎ ያያል። ቤቱ ውስጥ ትቶ የሄደው እኔን ብቻ ነው። ቦርሳውን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ኮፍያውን ጨብጦ፣ ደረቱን እየደቃ ገባ። እኔ ደግሞ በጥቁር ልብስ ከሴቶቹ መሐል ቀና አልኩ። ተያየን።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ፈራሁት። አባቴን፣ በሕይወት የቆመውን አባቴን፣ ፈርቼው ወደኋላ ሸሸሁ። እሱም እንደኔ ክው ብሎ ደርቆ ቀረ። አንዷ ሴትዮ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ሌላዋ እልል አለች። አባዬ ቀስ ብሎ መጥቶ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘና «አለሽ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው እንባዬ በትክክል የመጣው።

ሰው ሁሉ «ማን ነገረህ? ማን ነገረሽ?» መባባል ጀመረ። ሰብሳቢው ከእድሩ ጸሐፊ ነው የሰሙት፤ ጸሐፊው ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የእድሩ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ የዩቲዩብ ሊንክ ተለጥፏል። የአባዬ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ተደርጎ፣ ከጎኑ ሻማ እየነደደ፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል «እንባ ያራጨው የአንጋፋው ሹፌር ስንብት» ይላል። ከሥሩ ጸሐፊው «ነፍስ ይማር። ልጃቸው እንዳትሰማ አደራ» ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ነፍስ ይማሩን ደርድሮታል። እኔ ግሩፑ ውስጥ የለሁም፤ የአባዬ ስልክ ደግሞ ከመደወል በቀር ሥራ አያውቅም።

ነገሩ ገባኝ። እኛ ሰፈር ሽማግሌዎችን ቃለ መጠይቅ እያደረገ ዩቲዩብ ላይ የሚለቅ ሰውዬ አለ። አባዬ ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ወሊሶ ከመሄዱ በፊት ከረቫት አስሮ ስለ ድሮ መንገዶች ሲያወራ ተቀርጾ ነበር። ቪዲዮው መለቀቁን ግን አልሰማንም።

«እስቲ፣ ይህን ከፍቶ ያየ ማነው?» አለ አባዬ።

ሰብሳቢው ሻማውን ሲያዩ ለመክፈት ልባቸው አልጨከነም። የጸሐፊው የኢንተርኔት ፓኬጅ ለቪዲዮ አይበቃም ነበር። እራት በላሽ ያለችኝ ጎረቤታችን «ሻማ እየነደደ ምኑን ልየው ጋሼ?» አለች። ያን ሁሉ ነፍስ ይማር የጻፈ ሰው አንዱ እንኳ ሊንኩን አልነካውም። አባቴን በርዕስ ብቻ ሊቀብሩት ነበር! የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ለዩቲዩቡ ሰውዬ ደውዬ ወረድኩበት። አልደነገጠም። «እህቴ፣ አንድ ጡረተኛ ስለ መንገድ ያወራሉ ብዬ ብጽፍ ማን ይከፍተዋል?» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አባዬ «ክፈቺው» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በሰብሳቢው ወንበር ላይ አቆምኩት። አለቀስንለት ያሉት ሁሉ ከበው ሰሙ። አየር ጤና ጫካ እንደነበረ፣ አውቶቡሱ ጭቃ ሲይዘው ተሳፋሪው ወርዶ እንደሚገፋ ይተርካል፤ ሰውም እየሳቀ ያዳምጣል። ወደ መጨረሻው ግን ድምፁ ተለወጠ። ካሜራውን ትኩር ብሎ እያየ እንዲህ አለ፦

«አንድ ወንድም አለኝ። ቤቴል ነው ያለው። በእናታችን ቀብር ዕለት ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ፤ አጥፍቻለሁ። ስልኬን ያነሣዋል ብዬ አላምንም። ይህን ካየህ፣ ከወሊሶ ሰርግ መልስ እሁድ ቤት ነኝ። ና፣ አብረን እንብላ።»

አባዬ አንገቱን ደፋ። ለካ የተቀረጸው ለዚህች ቃል ነው፤ መንገዱና ጫካው ማመካኛ ነው። ያን ከረቫት ያሰረው ለወንድሙ ነበር።

ለሐዘን የተሠራው ምግብ ለምሳ ሆነ። ሰው እየበላ ይቀልዳል፤ አባዬ ግን ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም። ወሬው ቤቴል እንደደረሰ ሰምቷል። እዚያ ያሉ ዘመዶች ሳይቀሩ አልቅሰው መጥተዋል። አጎቴ ብቻ አልመጣም።

«አየሽ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ሞቼም አልመጣም።»

በአጎቴ ላይ እንዲያ የተናደድኩበት ቀን የለም።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ እድርተኞቹ ድንኳኑን መፍታት ሲጀምሩ አጎቴ በሩ ላይ መጣ። ጥቁር አልለበሰም። ሙሉ ልብስ አድርጎ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ፣ ከቸርች ነው የመጣው። ድንኳኑን ሲያይ ደንግጦ ቆመ። ሁለት ሰዎች ሮጠው «አይዞዎት፣ አልሞቱም! ርዕሱ ነው ያሳሳተን!» አሉት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ አጎቴ። «ትናንት ማታ ሲልኩልኝ እኔም ሞቷል ብዬ ነበር። ድምፁን ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል፣ እሱን ልስማ ብዬ ከፈትኩት። መጨረሻው ላይ ሲጠራኝ ሰማሁ። ቶሎ ብዬ ወሊሶ ጓደኛው ቤት ብደውል ሙሽራ እያጀበ ነው አሉኝ። እናንተ ድንኳን ትተክላላችሁ ብዬ በምን ልጠርጥር? እሱ እሁድ ና ነው ያለኝ፤ መጣሁ።»

ይህን ሁሉ ሲናገር እግሩ ከበሩ ውጪ ነው። እንደዚያን ቀን።

አባዬ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

«በእናታችን ቀብር ዕለት…» ብሎ ጀመረ።

«ሰምቼዋለሁ» አለው አጎቴ፣ እና ገባ።