አስካለን የነፈግኳት ውሃ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ ስንት ዓመት እግራቸው ሥር ተደፍቼ ስናዘዝ፣ ሐሜቴንና እርግማኔን ሁሉ ስቆጥር፣ ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እናንተ ስሙኝ። እኔ ሰው ውሃ ከልክያለሁ።

አስካለ የባሌ ታናሽ እህት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት በእጇ እየተሳበች ነው የምትሄደው። ባሌን ለሚሊሺያ ሲወስዱት በሩ ላይ ቆሞ "አስካለን አደራ" አለኝ። እኔም እመቤታችንን ጠርቼ ምዬ ተቀበልኩ።

በድሮው ቤታችን ጓሮው ቁጥቋጦ ነበር። ለሽንት ተስባ ሄዳ ትመለሳለች፤ ማንንም አታስቸግርም። ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣና ቀየት ከሚባለው አገር በላይ፣ ገላጣው ሜዳ ላይ በመስመር አሰፈሩን። ሽንት ቤት ቆፍሩ ተባልን፤ ቆፈርን፤ ጉድጓዱ ላይ ሁለት ግንድ አጋደምን። ቁጢጥ ማለት ለማትችል ሰው ሁለት ግንድ ምን ያደርግላታል? አዝዬ እወስዳታለሁ፣ ብብቷን ይዤ እደግፋታለሁ፣ አጥቤ እመልሳታለሁ። በቀን ሦስቴ፣ አራቴ። ክረምት ሲገባ አንድ ቀን ጭቃው አንሸራተተኝና ተያይዘን ወደቅን። ተነሥቼ ምን አልኳት መሰላችሁ? "አንቺ ውሃ ባትጠጪ ምን አለበት!"

ከአፌ የወጣውንም በእጄ ፈጸምኩት። ቆሎ እሰጣታለሁ፣ ውሃውን አሳንሳለሁ። እንስራውን ከአጠገቧ አንሥቼ ከፍ ያለው መደብ ላይ አወጣሁት። እጇ እንዳይደርስበት ነው፤ ሌላ ምን ምክንያት ነበረኝ?

ፍልሰታ ሲገባ "እትዬ፣ እኔም ልጹም ወይ ብለሽ አባን ጠይቂልኝ" አለችኝ። የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። አባ "ሕመምተኛ አይደለች እንዴ? በጊዜ ትብላ፣ ውሃዋንም ትጠጣ" አሉ። ዝናቡ እየደበደበኝ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አሰብኩበት። በችኮላ ያደረግሁት አይደለም። ገብቼ "እንደ ሰው ሁሉ ጹሚ፣ እስከ ማታ ውሃም እንዳትቀምሺ ብለዋል" አልኳት።

ደስ አላት! "እኔንም ከሰው ቆጠሩኝ" አለች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ዋሸሁ። በእመቤታችን ጾም፣ በአባ ስም ዋሸሁ። ማታ ማታ ግማሽ ሽክና ውሃ እሰጣታለሁ፤ በቃ። ውሃ ጠፍቶ መሰላችሁ? ነሐሴ እኮ ነው! ጣራው ያንጠባጥባል፣ ደጁ ጎርፍ ነው፤ እሷ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ የዝናቡን ድምፅ ስትሰማ ትውላለች። ሽንቷ አቃጠላት፤ ቆይቶ ደም ቀላቀለ። አየሁ። አጥቤ የምመልሳት እኔ፣ እንዴት አላይም? ትኩሳቱ ሲበረታባት ደነገጥኩና በእኩለ ቀን ውሃ ይዤ ቀረብኩ። ሽክናውን በእጇ ገፋችው።

"ሰዓቱ አልደረሰም፣ እትዬ።"

እውነቱን ብነግራት ትጠጣ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃት! አፈርኩና ዝም አልኩ። ከእሷ ነፍስና ከእኔ እፍረት እፍረቴን መረጥኩ።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተች። መጨረሻ ላይ ያለችኝ "አልገደፍኩም ብለሽ ለአባ ንገሪልኝ" ነው።

ባሌ ሲመለስ በሽታ ነው የገደላት አልኩት። አገላብጦ ስሞ አመሰገነኝ። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን ከጦርነት እግሩን አጥቶ መጣ። ወንድሙ የበርጩማ መሐል ፈልፍሎ ጉድጓዱ ላይ አስቀመጠለት፤ ከጎኑ የሚይዘው እንጨት ተከለለት። በግማሽ ቀን አለቀ! እኛ ቤት በርጩማ ነበር። መጥረቢያም ነበር። በዚያ መጥረቢያ በየቀኑ እንጨት ስፈልጥ፣ ወይ እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።

ደክሞኝ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ ልላችሁ እችላለሁ። አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የተጠማችው እናንተ አይደላችሁም። ግን መልእክቷን ሳላደርስ አባም ሞቱ። ባደርስ ኖሮ "ማን ጹሚ አላት?" ብለው ይጠይቁኝ ነበራ! እንግዲህ የሚሰማኝ እናንተ ናችሁና ለእናንተ ላድርስ።

አስካለ አልገደፈችም።