አምስት ቀን የያዝኩት መርዶ

ስልኩ የተደወለው ሰኞ ነው፤ ከክፍል ስወጣ። የደወለው ወታደር የአከራዬ ልጅ ጓደኛ መሆኑን ነገረኝና፣ "ተሰውቷል፤ እዚያው ቀብረነዋል" አለኝ። የእናቱ ስልክ ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ፣ ልጁ ለጓደኛው የሰጠው የእኔን ቁጥር ነበር።

ልጁን ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። አስተምሬዋለሁ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሒሳብ በጭራሽ አይገባውም ነበር። እሱ ግን ኦሮምኛ አስተማረኝ። ጭሮ ከተማ እንደመጣሁ፣ እየተንተባተብኩ ስቆጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ "ቲቸር፣ አሁን ማነው ሰነፉ?" ይለኛል። ኋላ ባጃጅ ነዳ፣ ከዚያ ዘመተ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

እኔ ደገኛ ክርስቲያን ነኝ። በአገሬ መርዶ እንደሰሙት አይዘረገፍም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። አከራዬ ከአንድ ወንድም በቀር ማንም የላትም። እሱም በደሳ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት ይዞ ወደ ጭሮ ገበያ ይመጣል። ብቻዋን ሆና አትሰማም አልኩ። ለወንድሟም በስልክ መንገር ነውር መሰለኝ። ብልህ ነኝ ብዬ ነው እንግዲህ።

አምስት ቀን ዋሸሁ። አስር ሰዓት ላይ ከምትሰግደው ሰላት በኋላ መስገጃዋ ላይ እጇን ዘርግታ ትቆይና፣ "ደወለ?" ትለኛለች።

"ኔትወርክ የለም፣ እትዬ።"

የምትሰጠኝን ሻይ እጠጣለሁ። 

ቅዳሜ ወንድሟን ገበያ አግኝቼ ነገርኩት። "መቼ ሰማህ?" አለኝ። ሰኞ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ ጫቱን ለሌላ ነጋዴ ትቶ ወደ እህቱ ቤት ፊት ፊቴ ሄደ።

ሲነግራት አልጮኸችም። "ኢና ሊላሂ፣ ሁላችንም የአላህ ነን" ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እሷም ቀኑን ጠየቀች።

"ሰኞ?" አለች ወደ እኔ ዞራ። "ቲቸር፣ እኔ እኮ አምስት ቀን ሙሉ 'በሰላም መልሰው' ስል ነበር። ለሞተ ሰው ዱዓው ሌላ ነው። ልጄ ምሕረት እንዲለመንለት ይጠብቃል፤ ማንም አልሰገደለትም። አንተ ኔትወርክ የለም አልከኝ።"

ብቻዋን እንዳትሰማ ያልኩት እኔ፣ ለልጇ የቀራትን አንድ ነገር ነጥቄያት ነበር። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

ያኑ ዕለት ቀትር ላይ፣ ሬሳ በሌለበት ተሰገደለት። እኔ ከመስጊዱ በር ውጪ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲወጡ ጎረቤቶች አንድ በአንድ እጄን እየጨበጡ፣ "አላህ ሰብር፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ" አሉኝ። ሰኞ መስማቴን እናትየውም ወንድሟም ለማንም አልተናገሩብኝም ነበር።