ፍሬ ያጣው ሜዳ

ሜርል ትራንተር ጎረቤቷን ኔቪልን ማመን ካቆመች ቆይታለች።

በምዕራብ ቪክቶሪያ፣ ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ለጥ ያለ አገር፣ የእሷን መሬት ከእሱ መሬት የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ከካቡ ወዲያ የኔቪል የጎመን ዘር ማሳ አለ። ከካቡ ወዲህ ያለው የሜርል ሜዳ ግን ድንጋዩ ስለበዛ ማረሻ ነክቶት አያውቅም፤ በጸደይ በሣሩ መሀል ቸኮሌት ቸኮሌት የሚሸት ወይን ጠጅ አበባ ይፈካበታል። ባሏ ሌስ በሕይወት ሳለ በጎች ያስገባበት ነበር። እሱ ሲሞት ሜርል "ከእንግዲህ አበባዬን በግ አይበላውም" ብላ በሩን በሰንሰለት ቆለፈችው።

ከዚያ ወዲህ አበባው ከዓመት ዓመት ሳሳ። የቀረውም ፈክቶ ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም። ሆዳቸው ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያለባቸው የአገሬው ንቦችም ድምፃቸው ጠፋ። ፍሬ እንዲይዝ ያን አበባ ይዘው እየነዘሩ የአበባውን ዱቄት የሚያራግፉት እነሱ ናቸው፤ የማር ንብ አይችልበትም።

"ኔቪል ማሳው ላይ የሚረጨው የተባይ መርዝ ነው" አለች ሜርል። ኔቪልን እህል መደብሩ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ያዘችው።

"ንቦቼን የጨረስካቸው አንተ ነህ!"

"ነፋስ ባለበት ቀን ረጭቼ አላውቅም፣ ሜርል።"

"ሌባም ሰርቄ አላውቅም ነው የሚለው!"

ኔቪል ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። አካሄዱ ይበልጥ አስጠረጠራት።

ጸደዩን ሙሉ ካቡ ሥር እየቆመች ትሰልለው ጀመር። አንድ ጠዋት ኔቪል መኮትኮቻ ይዞ ካቡን ተሻገረና ሜዳዋ ላይ ተንበረከከ። ሜርል ከቆመችበት ጮኸች።

"ያዝኩህ! ምን እየቀበርክ ነው?"

ደንግጦ ተነሳ። "ምንም። ሣሩን እየላጨሁ ነው።"

"የእኔን ሣር?"

"ንቦቹ እንቁላል የሚጥሉት ራቁቱን ባለ አፈር ውስጥ ነው። ሜዳሽን እይው እስቲ፤ ሣሩ ተጠቅጥቆ ጣት አያስገባም። እነሱን ካጣሁ ወዲህ የጓሮ ቲማቲሜም ፍሬ አነሰው።"

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ብጠይቅሽ በሩን ትከፍችልኝ ነበር?"

ሜርል አሁንም አላመነችውም። "የታለ ታዲያ ራቁት አፈርህ? ንብ አሳየኝ!"

ኔቪል ዙሪያውን ቃኘና ወደ እግሯ ጠቆመ። ስትሰልለው የረጋገጠችው ቦታ ሣሩ አልቆ አፈሩ ወጥቷል፤ አፈሩም በትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል። ከአንዱ ባለ ሰማያዊ ቀለበት ንብ ብቅ ብላ በረረች።

ሜርል ካቡ ላይ ቁጭ አለች። "ሌስ በጎቹን ያስገባ የነበረው ለካ ሣሩ አፈሩን እንዳይደፍነው ነው" አለች።

"ሌስም አያውቅም ነበር" አለ ኔቪል። "በጎቹ ርቧቸው ነው።"

በጋው ሲያልቅ የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ሣሩ እንዲሳሳ ሜዳውን ተጠንቅቀው አቃጠሉላት። ሣሩ ዳግም ሲያቆጠቁጥ የኔቪል በጎች ትንሽ ጊዜ ገቡ፤ ሜርል ቆማ እያንዳንዱን በግ በዓይኗ ስትከተል ዋለች። በተከታዩ ጸደይ አበባው በሣሩ ክፍተት ተነሳ፤ ብዙውም ጥቁር ዘር ቋጠረ። ሁሉም አልዳነም፤ በደቡቡ ጥግ ያለው አሁንም ባዶ ነው። ከድንጋዮቹ መሀል ግን አይታው የማታውቀው ቢጫ አበባ በቀለ።

ኔቪልን ጠራችው። "ይሄን የተከልከው አንተ ነህ?"

"እኔ? ጽጌረዳ ተክዬ አብቦልኝ የማያውቅ ሰውዬ? ሣሩ አፍኖት የኖረ ዘር ይሆናል።"

ሜርል በጎን አየችው። "ይሁና" አለች። "ግን እንዳትነካው።"