ለአባባ ቮልስ የተገዛው ፖሊሽ ማሽን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የዝና ልጅ የሁለት ማሽኖች ፎቶ በስልክ ላከልኝ። መኪናውን ግቢው ውስጥ ራሱ ፖሊሽ ሊያደርግ አስቧል። የትኛው እንደሚሻል ሲጠይቀኝ ደካማ የሚመስለውን አልኩት። ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ የማሽን አዋቂ የሆኑት ብሎ ሳቀብኝ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን ወሬ ቀየርኩበት።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። የዝና ለዳግም ትንሣኤ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። አባባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ነበረቻቸው። ልጄን ለቁርባን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በገዛ መኪናዬ ነው ብለው ምለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በእጃቸው ሲወለውሏት ኖረው፣ በዚያ ዓመት ትከሻቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቀለሟ ደብዝዟል። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም። ማሽን ይዤ መጥቼ እንደ መስተዋት አደርግልዎታለሁ ብዬ ፎከርኩ።

መርካቶ የሄድኩት ከአያ ስንሻው ጋር ነበር። አያ ስንሻው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እዚያው ጎጃም የአምበር ገበሬ ናቸው፤ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። በአምበር ዙሪያ እሳቸው ሳያዩለት በሬ የሚገዛ ሰው አልነበረም። እኔ ያስከተልኳቸው ግን ቤት ብቻቸውን ከሚቀመጡ ብዬ እንጂ እንዲመርጡልኝ አልነበረም።

ነጋዴው ሁለት ማሽን አወጣ። አንዱ ከባድ ነው፤ ባለበት በኃይል ይሽከረከራል። ሌላው እየተወዛወዘ ነው የሚዞረው፤ ነጋዴው ራሱ ጫን ሲሉት ይቆማል ብሎ አቃለለው። አያ ስንሻው ሁለቱንም አስነሥተው፣ ለመሞከሪያ በተቀመጠው አሮጌ የመኪና በር ላይ በየተራ ጫን አደረጓቸው። ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ጎንበስ ብለው ሥር ሥሩን ሲያዩ፣ አሁን ደግሞ ጥርሱን ሊቆጥሩ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

«የሚቆመውን ውሰድ» አሉኝ። «እኔ ማረሻውን የዛፍ ሥር ሲይዘው ቆም የሚለውን በሬ ነው የምወድ። የማይቆመውስ ሞፈር ይሰብርብሃል።»

ነጋዴው ሳቀ። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሰውዬ፣ በአጎቴ አፈርኩ። ከባዱን ጠቅልልልኝ አልኩት። አያ ስንሻው ሁለተኛ አልተናገሩም። እንዲያውም አውቶቡስ ውስጥ ማሽኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የዓባይን ጠመዝማዛ ሁሉ በሁለት እጃቸው ደግፈው አሻገሩልኝ። ደጀን ወርደን ሽሮ ስንበላም ከእግራቸው ሥር አላራቁትም።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ግቢያችን ጠላ ጠላ ይሸታል፣ ድንኳን ይተከላል። አባባ ገበያ ሲወጡ ጠብቄ ቮልሷን ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር አቆምኳት። በሯን ስጨርስ የዛፉ ቅጠል ሳይቀር ቀለሟ ላይ ይታይ ጀመር። ልቤ አበጠ። የፊት ኮፈኗ ጠርዝ ላይ ስደርስ ይበልጥ እንዲያምር ጫን አልኩ፤ ማሽኑ አልቆመም። የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። ሳነሣው የመዳፍ ያህል ቦታ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል።

የድንኳኑን ካስማ ይመቱ የነበሩት አያ ስንሻው መጥተው አዩ። ማሽኑን ከእጄ ተቀብለው ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ። አባባ የገቡት በዚህ መሃል ነው። አባባ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«ይህን ማሽን ማነው የመረጠው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ስንሻው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። «ጉልበቱን አይቼ ተሞኘሁ።»

«እርስዎ?»

«አዎ። ልጁማ ሌላውን ብሎኝ ነበር።»

አባባ የሚስታቸውን ታላቅ ወንድም ምን ይበሉ? ቁጣቸውን ዋጡት። እኔም ሠርጉ ይለፍና እናገራለሁ ብዬ ዝም አልኩ። የተላጠውን ቦታ በአበባ ሸፈንነው፤ የዝናም በአባቷ መኪና ሄደች። አባባ መሪ ይዘው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬው ግን አምበር ደረሰ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። በዓመቱ አንድ ጎረቤታቸው በሬ ሊገዛ ሲወጣ ሌላ ሰው ይዞ ሄደ። ያን የገበያ ቀን አያ ስንሻው ከደጃቸው ሳይነሡ እንደዋሉ እናቴ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመት በዓሉ ሳገኛቸው ነገሩን ላነሣ እጀምራለሁ፤ እሳቸው ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጤናዬ ጠይቀው ያስቀይሱኛል። ማስቀየሳቸው ተመችቶኝ እተወዋለሁ።

በተዝካራቸው ዕለት አንድ ሽማግሌ የማሽኑን ታሪክ አንሥተው ተረቡ። ሰው ሁሉ በፍቅር ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሳቅ ያሳፈረኝ ነገር የለም።

ለረጅም ጊዜ ያዳኑኝ ከአባባ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ዕድሜዬ ወደ እሳቸው ሲጠጋ የተረዳሁት ሌላ ነው። በሠርጉ ሳምንት አባትና ልጅ እንዳይቀያየሙ ብለው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያተረፉትን ስም ያለ ማመንታት ሰጡ። እኔ ያን ስም መመለስ እየቻልኩ ይዤው ኖርኩ። አጎቴን በጣም እወዳቸው ነበር፤ አልነገርኳቸውም። እንግዲህ የአምበር ሰው ይህን ካነበበ ለሌላውም ይንገርልኝ፦ አያ ስንሻው መርካቶም ገብተው አልተሳሳቱም። ከባዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።