የጋሽ ታዬ ቀኝ እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ናቲ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ የተኩስ ጨዋታ ሲጫወት ቆየና ቀና ብሎ፣ «ማሚ፣ ከነዚህ ከሁለቱ ትልልቅ ሪቮልቨሮች ሪኮይሉ፣ ሲተኮስ መልሶ የሚረግጠው፣ የሚብሰው የትኛው ይመስልሻል?» አለኝ። ሊቀልድብኝ ነው። እኔ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ዞር ብዬም ሳላየው፣ «እንደ ጥይቱ ነው። ከባዱ ሽጉጥ ቀስ ብሎ ይገፋል፣ ቀላሉ ፈጥኖ ይነክሳል። ከባዱን ረጅም ጥይት ካጎረስከው ግን ሌላውን ሁሉ ያስረሳሃል» አልኩት። «እንዴ! አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብሎ ሲስቅ እኔም ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። በሽንኩርቱ አሳብቤ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ልጅ ሆኜ የክረምት እሁድ ለኔ ባሩድ ባሩድ ይሸት ነበር። የምንኖረው ቀበና፣ ወንዙ አጠገብ ነው። እናቴ ገና አፌን ሳልፈታ ስላረፈች አባዬ የሚሄድበት ሁሉ ይዞኝ ይሄዳል፤ ለቅሶ ቤት፣ ጋራዥ፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር። «ሴት ልጅ እንዲህ ታድጋለች ወይ?» ለሚሉት ጎረቤቶች፣ «እና የት ላስቀምጣት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ?» ይላል። ሾፌር ነው። በጋውን የውጭ አገር አዳኞች ጭኖ ቆላ ለቆላ ሲዞር ይከርማል፤ ያኔ እኔ አክስቴ ጋ እቆያለሁ። ክረምት ሲገባ አደኑ ይዘጋና ይመለስልኛል። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጀምር ደስ የሚለኝ።

ጋሽ ታዬ የአባዬ ጓደኛ ናቸው። ጓደኛ ከማለት ወንድሙ ብል ይቀለኛል። እሳቸውም በጋ በጋ እዚያው የአደን ካምፕ የአውሬ ቆዳ ይገፍፋሉ፤ ክረምት ደግሞ የካ ሚካኤል አጠገብ ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የሱቅ ታፔላ ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ታፔላ በእጅ ነበር የሚጻፈው። ከቀበና እስከ መገናኛ ያለው ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ቡና ቤት፣ አብዛኛው የጋሽ ታዬ እጅ ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው ቀለም ሲነክሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። «ትርሲቴ፣ ይቺ ማን ናት?» ይሉኛል ብሩሹን አንስተው። ካወቅሁ አፍንጫዬ ላይ ቀለም ጠብ ያደርጉልኛል።

ሁለቱም ከአዳኞች በስጦታ ያገኙት፣ ፈቃድ የወጣለት፣ ለጎሽና ለከርከሮ የሚሆን ትልልቅ ባለ ተሽከርካሪ ጎራሽ ሽጉጥ ነበራቸው። የአባዬዋ ረጅምና ከባድ ስለሆነች «ወይዘሮዋ» ትባላለች። የጋሽ ታዬ አጭርና ቀለል ያለች ናት፤ ስሟ «ሚጥሚጣ» ነው። እሁድ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉን አልፈን፣ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ እንገባለን። እዚያ ቆርቆሮ ያቆሙና አንዱ የአንዱን እየተዋሰ ይተኩሳል። ከዚያ ክርክር ነው። የትኛዋ ትረግጣለች? የትኛዋ ለእጅ ትመቻለች? አቤት ክርክር! ቁልቁል እየወረድን፣ ሻይ ቤት ገብተን፣ ሻዩ እየቀዘቀዘም አያልቅም።

ጋሽ ታዬ «የኔዋ ናት የምትረግጠው፤ ቀላል ስለሆነች የጥይቱን ጉልበት ሁሉ መዳፌ ላይ ነው የምታራግፈው፣ አውራ ጣቴ ሥር ትነክሰኛለች። ያንተዋ ክብደቷ ጉልበቱን ይውጠዋል፤ እንደ ጥሩ አማት ገፋ አድርጋ ትተዋለች» ይላሉ። አባዬ ደግሞ «ያንተዋ ታስደነግጣለች እንጂ አትጎዳም፤ የኔዋ አፈሙዟ ወደ ሰማይ ሲነሳ መልሶ ዒላማ ላይ ማውረድ ወንድ ይጠይቃል» ይላል። አያያዙንም በባዶ እጅ ያስተምሩኝ ነበር። «አንቀሽ አትያዢ። ክርንሽን አታድርቂ፤ ስትነሳ አብረሻት ተነሺ። ጣትሽን ጥይቱ ካለበት ጎን አታሳልፊ፣ በክፍተቱ እሳት ትተፋለች። ደግሞ ሁልጊዜ በሁለት እጅ!» እኔም ካሮት ይዤ እለማመድ ነበር፤ ይስቁብኛል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወይዘሮዋ ሁለት ዓይነት ጥይት ትጎርሳለች፣ አጭርና ረጅም። ረጅሙ ለጎሽ ነው። አባዬ ካባው ላይ ሁልጊዜ የሚተኩሰው አጭሩን ነበር። እንግዲህ ጋሽ ታዬ «ገፋ አድርጋ ትተዋለች» ያሏት ሽጉጥ በአጭሩ ጥይት የሚያውቋት ናት።

የጋሽ ታዬ ባለቤት እትዬ አሰለፈች ሽጉጥ የሚባል ነገር አይወዱም። ወንድማቸውን ጥይት ነው የበላባቸው። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ባላቸውን እየጎተቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወሰዷቸውና «ሁለተኛ አልተኩስም» አስባሉ። ጋሽ ታዬም «ሚካኤልን!» ብለው ማሉ። ጥቂት እሁድ ቻሉ። ከዚያ «ለማየት ብቻ ነው» እያሉ ከኋላችን መምጣት ጀመሩ። አባዬ ሲተኩስ እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ያሻሉ።

አይቻልም፣ አልተቻለምም። አንድ ቀን ጭቃው ገና ሳይጠጥር ወጣን። አባዬ ሁለት ጊዜ ስቶ ጋሽ ታዬ አላስቀምጥ አሉት። «ወይዘሮህ አርጅታለች ጌታነህ። እኔ በአንድ እጄ፣ በዚያ ላይ እያዛጋሁ ነው የምተኩሳት!» አባዬ ሳቀ። ፊቱን ወደኔ አዙሮ ጥቅሻ ጠቀሰኝና ሽጉጧን አጉርሶ ሰጣቸው። ረጅሙን ነው ያጎረሰው። ጋሽ ታዬ ሚጥሚጣን እንደሚይዙት፣ በአንድ እጃቸው ዘረጉና ተኮሱ።

ድምፁ ከወትሮው ሌላ ነበር፣ ጆሮዬ ደንቁሮ ቀረ። ሽጉጧ ወደ ላይ ተስፈንጥራ ግንባራቸውን ስትመታ አየሁ። ቀኝ እጃቸው ግን እጅ አይመስልም ነበር፤ አውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሥሩ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። አባዬ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ «እኔ ልሙት! ታዬ፣ እኔን! ቀልዴን እኮ ነው፣ ቀልዴን ነው!» ይላል። ጋሽ ታዬ ናቸው መልሰው ያረጋጉት። «ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል። ፖሊስ ቢመጣ አንተን ያስሩሃል፤ ይቺን ልጅ የት ትጥላታለህ? አሰለፈችም መማሌን ታውቃለች። ከድንጋይ ላይ ወድቄ ነው። ሰማህ? ትርሲቴ፣ አንቺም ሰማሽ? ጋሽ ታዬን አዳለጣቸው።» ሰማሁ። የዚያን ዕለት እኔን ብለው እንደዋሹ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት አጥንቱ ተጠገነ፤ ጅማቱ ግን አልሆነም። እጁ ዳነ ይባላል እንጂ ብሩሽ የሚይዝ አልሆነም። ልንጠይቃቸው የሄድን ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። እትዬ አሰለፈች አባዬን ዓይን ዓይኑን እያዩ «ጌታነህ፣ አንተ አብረኸው ነበርክ አሉ። እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ብሎ ነው የወደቀው?» አሉት። አባዬ መሬት መሬት እያየ «አዳለጠው» አለ። ሽጉጧንም በማግስቱ ወስዶ ለፖሊስ ጣቢያ አስረከበ። ሁለተኛ እዚያ ቤት አልሄደም።

አልተጣሉም እኮ! ተጣልተው ቢሆን ስንት ሽማግሌ ነበር። በዕድራችን አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ኮፍያቸውን ያነሳሉ። አንተ ተባብለው ያረጁ ሰዎች «እንደምን ሰነበቱ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ተባባሉ። ጋሽ ታዬ አባዬን ከሩቅ ሲያዩት ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። አባዬ እሁድ ከሰዓት ጫማውን ይቦርሻል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ኮቱን ያወልቃል። ጋሽ ታዬ ይናፍቁኝ ነበር። ታፔላቸው ሥር ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ ፊደሉን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ተናደድኩና «ለምን ሽማግሌ ልከህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ አትጠይቃቸውም?» አልኩት። «ምን ብዬ ልላክ?» አለኝ። «ወደቅሁ ያለን ሰው በሚስቱ ፊት ውሸታም ላሰኘው? በሚካኤል ምሎ ማፍረሱን ላሳብቅበት? እጁን ቀማሁት፤ ትዳሩንም ልቀማው?» ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሰፈራችን ሲፈርስ ዕጣችን የካ አባዶ ሆነ። አባዬ ፎቁን አልወደደውም፤ ደረጃው አደከመው፣ ታክሲው አራቀው። «ከቀበና እኮ የካ ሚካኤል በእግር ነው» ይል ነበር፣ ጋሽ ታዬ ከተጎዱ ወዲህ አንዴም ያልሄደበትን። ባለፈው ዓመት ክረምት ሳይወጣ አረፈ። መጨረሻ ላይ ሲቃዥ «በሁለት እጅህ ያዛት፣ በሁለት እጅህ!» እያለ ነበር። አጠገቡ ያሉት ሰዎች መሪ የያዘ መስሏቸው «የሾፌር ነገር» ተባባሉ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩ።

ድንኳኑ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ተጣለ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታዬና እትዬ አሰለፈች መጡ። ጋሽ ታዬ ከወንዶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እትዬ አሰለፈች እኔን አቅፈው ሲያለቅሱ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምነው አባትሽ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይልልኝ ሄደ?» አሉኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን «አልመቸው ብሎ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይ ልጄ። እኔ እኮ የዚያኑ ዕለት ማታ ነው ያወቅሁት። በዚያ ጭቃ ወደቅሁ ያለ ሰው ሱሪው ላይ ጠብታ ጭቃ የለም፣ ጉልበቱ አልተላጠ፣ ሸሚዙ ባሩድ ባሩድ ይሸታል። ሱሪውን ያጠብኩት እኔ! ለጓደኛው ብሎ ነው የዋሸኝ ብዬ ይቅር አልኩት፤ ደሞ ማሃላውን አነሳሁበት ብሎ እንዳያፍር ዝም አልኩ። ያን ዕለት አባትሽን የጠየቅሁትም እኮ እንዲነግረኝና ‹ይቅር ለእግዚአብሔር› ብዬ እንድገላገለው ነበር። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ይመጣል ስል፣ ይመጣል ስል…»

ሁሉም ለሌላው ብሎ ነው ዝም ያለው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይታረቁ ነበር!

እጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ለምሳ ሰውን ሳስታጥብ ጋሽ ታዬ ጋ ደረስኩ። ግራ እጃቸውን ብቻ ዘረጉልኝ። አጎንብሼ ቀስ ብዬ «ጋሼ፣ እትዬ ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ይቅርም ብለዋል። አሁን ነው የነገሩኝ» አልኳቸው። ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ወደ ሴቶቹ በኩል፣ ወደ ባለቤታቸው፣ ብዙ ቆይተው አዩ። «እኔ እኮ እጄን እያየ እንዳይሰቀቅ ብዬ ነው የቀረሁበት» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አባትሽስ? አባትሽ ይቅር መባሉን ያውቅ ነበር?»

ያውቅ ነበር ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸውን ለማሳረፍ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ግን የደግ ሰው ውሸት ምን እንደሚያደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት።

«አያውቅም ጋሼ» አልኳቸው። «ሳያውቅ ነው የሄደው።»

ጋሽ ታዬ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የጎበጠውን፣ የደረቀውን እጅ በሰው ሁሉ ፊት አውጥተው ደረታቸውን መቱበት። «ወንድሜን! ጌታነህን! ወንድሜን!» እያሉ ሲነሱ ሰዎች ተሯሩጠው ያዟቸው። «አይዞዎት፣ የማይቀር ነው፣ ሸምግለው ነው ያረፉት» ይሏቸዋል።

እኛ ልጆች ሳለን የትልልቆች ዝምታ ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሆዱን አውጥቶ ይናገራል፤ ይሳደባል፣ ይኮራረፋል፣ ማታውኑ ይታረቃል። እንደ ድሮው ጨዋ አይደለንም እያልኩ አብሬ ስማረር ኖሬአለሁ። አሁን ግን እቀናለሁ። ጋሽ ታዬ በየሳምንቱ እሁድ ከየካ ሚካኤል ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው እኛ ቤት ይመጣሉ። የአባዬ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ ፊት ለፊቱ ነው የሚቀመጡት።