የሚጠራና የሚመልስ

ወንድሜ በተቀበረ ማግስት ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። መዝሙር ሲጀመር እወጣለሁ፣ አስፋልቱ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ።

ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። ከሠራዊቱ ሲወጣ ምህንድስና ተምሮ አዲስ ከተማ ውስጥ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ከፈተ። እኔም አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አብሬው ገባሁ። ስለ ጦርነቱ አያወራም። ከዚያ ይዞ የመጣው አንድ ልማድ ነበር፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት እሱ ይጠራል፣ እኔ አይቼ እመልሳለሁ።

"ዘይት?"

"ታይቷል።"

"ነዳጅ?"

"ታይቷል።"

ደንበኞች ይስቁብን ነበር። እሱ ግን "ራሱ ጠይቆ ራሱ የሚመልስ ሰው ምንም አላየም" ይላል።

ድንኳኑ ጥግ ላይ ጎመን የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ድንገት ልቡ ቀጥ ባለበት ቀን ሲሠራ የነበረው የሳቸውን ፓምፕ ነው።

"አባባ፣ ጎመኑ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ተወው ልጄ። ለቅሶ ላይ ጎመን አይወራም።"

"ደረቀ?"

"ዛሬ ውሃ ካላገኘማ..." የቀረውን በእጃቸው ጨረሱት።

ተነሳሁ። አክስቴ "ሐዘንተኛ ደግሞ ወዴት ይሄዳል?" አለችኝ። ሽማግሌውን አስነስቼ ወጣሁ። ባጃጅ ይዘን ወደ መጠገኛው ሄድን።

ፓምፑ ላይ የወንድሜ ጓንት ነበር። አነሳሁት። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፤ ኪሴ ከተትኩት። የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ። የሚጠራ የለም።

"አባባ፣ እኔ ልጥራ፣ እርስዎ ይመልሱ። ዘይት?"

"አለ!"

"አላዩም እኮ።"

"ወንድምህ የነካው ሞተር ዘይት ያጣል? ሰማይ ላይ የነዳ ሰው!"

"ይዩልኝ፣ በእግዚአብሔር።"

አጎነበሱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጡ፣ ጠረጉ፣ መልሰው ነክረው አወጡት። ደረቅ ነበር።

"የለም" አሉ፣ ቀስ ብለው። ልክ እሳቸው የሰረቁት ይመስል።

ወንድሜ አሮጌውን ዘይት አፍስሶ አዲሱን ሳይሞላ ነው የሄደው። ገመዱን ስቤው ቢሆን ኖሮ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ሞተሩ ይነክስ ነበር። የዘይት ጀሪካን አምጥቼ ሞላሁ። ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

"ዘይት?"

"አሁን አየሁ!"

"ነዳጅ?" ሳልነግራቸው አጎነበሱ።

ገመዱን ሳብኩ። አስነጠሰ፣ ጠፋ። ደግሜ ሳብኩ። ተነሳ። ውሃው የመሞከሪያ በርሜሉን መታው፤ ሽማግሌው ጮክ ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ፓምፑን ጋሪ ላይ ጭነን በገመድ አሰርነው። ሽማግሌው ፊት ወጥተው ተቀመጡና ዞር አሉ።

"ማሰሪያው?"

"ታይቷል" አልኩ።

አላየሁም ነበር። ተመልሼ አየሁ።